የሉቬንያ ስም፣ ፊደል በፊደል

ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ሴፕቴምበር 6 ቀን 1997

ለተከበሩ ሚስ ሉቬንያ ስቶክስ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? በረንዳዎ ላይ ረስቼው የመጣሁት ባርኔጣ ትናንት በፖስታ ደረሰኝ። ውስጡ የላኩትን ብጣሽ ወረቀት አያቴ ኤይኖ ከእኔ ቀድሞ አነበበውና፣ «ሴትየዋ ሁለት ነገር ጠይቃሻለች፤ መልሺላት» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። አዎ፣ ደህና ገብቻለሁ። አውቶቡሱ ሁለት ቀን ፈጀ። እንቅልፍ እየወሰደኝ በነቃሁ ቁጥር የእናንተ ሰፈር የዓሣ ኩሬዎች በመስኮቱ የሚያልፉ ይመስለኝ ነበር። አገሩ ተቀይሮ በቆሎ ብቻ ሆኖ እንኳ እነዚያ እግረ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች አብረውኝ የሚበሩ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ከቤታችን ፊት ለፊት ሐይቁ ላይ ጉም ሲወርድ፣ ከጉሙ ማዶ የእርስዎ ዥዋዥዌ ወንበር ሲንቋቋ እሰማለሁ።

ሁለተኛው ከበደኝ። «ሳትሰናበቺኝ ለምን ሄድሽ?» ብለዋል። አፍሬ ነው፣ ሚስ ሉቬንያ።

ከእርስዎ ቤት በወጣሁ ቁጥር መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ካርድ እሞላ ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩ ከዓሣ ፋብሪካችሁ ሠራተኞች ድጋፍ እንድናሰባስብለት ለበጋው የቀጠረን ተማሪዎች እያንዳንዳችን ስልሳ ካርድ ተሰጥቶን ነበር። ካርዱ ላይ የሠራተኛው ስም፣ የሚሠራበት መስመር፣ ከታች ደግሞ አንድ ቁጥር አለ። «አንድ» ማለት ድምፁን ለማኅበሩ ይሰጣል ማለት ነው፤ «አምስት» ማለት በሩን ፊቴ ላይ ዘጋብኝ ማለት ነው። እርስዎ ዘንድ አራት ጊዜ መጣሁ። አራቱንም ጊዜ በምድጃ የበሰለ ኮክና በረዶ የገባበት ሻይ አቀረቡልኝ፤ አራቱንም ጊዜ «እጸልይበታለሁ» አሉኝ። እኔም አንድ ብዬ ጻፍኩ።

እኛ ዘንድ ሰው አፉን ለምስጋናም ለስድብም አያባክንም። የአያቴ ጎረቤት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቤታችን የገባው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ለቀብር ነው። ቤቱ አስገብቶ የሚጋብዝ ሰው ልቡ ቆርጧል ማለት ነው። ስለዚህ የእርስዎ ኮክ ለእኔ ፊርማ መሰለኝ። አለቃችን ኮርኔሊየስ ነገሩን ሲሰማ ግንባሩን ያዘ። «ኮክ አበላችኝ ብለሽ ነው አንድ የጻፍሽው? ሚስ ሉቬንያ እኮ መብራት ሊቆርጥ የመጣውንም ታበላለች። እዚህ አገር እጸልይበታለሁ ማለት አይሆንም ማለት ነው፤ አይሆንም ማለት ነውር ስለሆነ» አለኝ። ይህን ያለኝ ግን በራሪው ወረቀት ከታተመ በኋላ ነው።

እሱን ነው ልነግርዎ ያልደፈርኩት። የደጋፊዎችን ስም የያዘው «እኛ አዎ ብለናል» የሚለው ወረቀት ከመውጣቱ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ መጠየቅ ነበረብን። እኔም ልጠይቅዎ መጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ሙቀቱ አየሩን ወተት አስመስሎታል፤ እርስዎ ዥዋዥዌው ላይ ማራገቢያዎ ከእጅዎ ወድቆ ተኝተዋል። መቀስቀሱ ጭካኔ መሰለኝ። ግን ቀስ ብዬ፣ «ሚስ ሉቬንያ፣ ስምዎን እንጻፍ?» አልኩ። እርስዎ ደግሞ ትንፋሽዎን ወደ ውስጥ ሳቡና «እ» አሉ።

እኛ ዘንድ አዎ የሚባለው እንደዚያ ነው። ሴት አያቴ ለጋብቻ ስትጠየቅ ከዚያች «እ» ሌላ ቃል አልወጣትም፤ ሃምሳ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ ግን እኛም አገር ይታወቃል።

ወረቀቱ በወጣ ማግስት ስሟ አብሮ የወጣውን ቨርሊን ቦይድን ከመስመር አንስተው ወደ በረዶ ክፍል እንዳወረዷት ኮርኔሊየስ ነገረኝ። እርስዎንስ? ድምፁ ተቆጥሮ መቶ አሥራ ስምንት ለመቶ አሥራ ስምንት ሲወጣ፣ እኩል ማለት ለእኛ ሽንፈት ማለት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የጨነቀኝ እርስዎ በዚያ ብርድ ውስጥ ቆመው ይሆን የሚለው ነው። እባክዎ ይንገሩኝ። ይቅርታም ያድርጉልኝ።

አይሊ ካንጋስ

*

ኒታ ቤንድ፣ ሚሲሲፒ
ሴፕቴምበር 21 ቀን 1997

ለኔ ማር፣ ለአይሊ፣

የጌታ ሰላም ካንቺ፣ ከአያትሽ ከሚስተር ኤይኖ፣ ከሐይቃችሁና ከመርከቦቹ ሁሉ ጋር ይሁን። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። ባርኔጣው በመድረሱ ደስ ብሎኛል። ያንቺን ዓይነት ነጭ ፊት ያለ ባርኔጣ ለፀሐይ መስጠት ኃጢአት ነው ብዬ ነበር።

ልብሽ አይረበሽ። የተቀየመ ሰው የለም። ልጅ ነሽ፤ ልጅ ደግሞ ይሳሳታል፤ ያው ነው። በረዶ ክፍል አልወረድኩም። እዚያው ከበሩ አራተኛው ቢላ ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆምኩበት ቦታዬ ላይ ነኝ። አምባዛው ይመጣል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ አምባዛው ይመጣል። አንዳንዴ ቢላው በራሱ የሚሄድ፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ የማየው ይመስለኛል።

ስለ ቨርሊን አንስተሻል። ቤቷ ከኔ ሦስተኛው ነው፤ መብራቷ ሲበራ አያለሁ። እሑድ እሑድ በሷ መኪና ነበር ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው፤ አሁን በእግሬ እሄዳለሁ። መራመድ ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኅቴ አይሰን፣ «ያቺ ልጅ በጋውን ሙሉ በረንዳሽ ላይ ስትቀመጥ ተከፍሏት ነው» ትለኛለች። እውነት ነው? በረንዳ ላይ ለመቀመጥ እንደሚከፈል ባውቅ ኖሮ አርባ ዓመት ሙሉ በነፃ አልቀመጥም ነበር። ደግሞስ ትምህርት ቤትሽ ለዚህ ምን ይሰጥሻል?

ባለፈው ሳምንት ሕልም አየሁ። የኩሬው ውኃ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያስደነግጥ ቤቴ ገባ። እኔ እግሬን ሰብስቤ ዥዋዥዌው ላይ ነኝ፤ እንግዳ የመጣ እንጂ ጎርፍ የመጣ አልመሰለኝም። አምባዛዎቹ በሳሎኑ ያልፋሉ፤ በሪዛቸው መጋረጃውን ይነካካሉ። አንዱ ትልቅ፣ ሽማግሌ የሚመስል፣ ፊቴ መጥቶ ቆመና ስሜን ጠየቀኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ጠፋብኝ። የገዛ ስሜ፣ ልጄ። ስነቃ አንሶላዬ ደረቅ መሆኑን በእጄ ዳሰስኩ።

ለኮኩ አሠራር ሌላ ወረቀት ጨምሬልሻለሁ። ስኳሩን አትሰስቺ።

የምትወድሽ፣
ሉቬንያ

*

ዱሉት፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1997

ለተከበሩ ሚስ ሉቬንያ፣

ኮኩን ሠራሁት። አያቴ ሦስት ጊዜ አስጨምሮ በላና ምንም አላለም፤ እሱ ቤት ይህ ጭብጨባ ነው።

እኅትዎ እውነታቸውን ነው፤ ይከፈለኝ ነበር። ማኅበሩ በየሳምንቱ ይከፍለናል፤ የኮሌጁ ምግብ ቤት ሳህን ለማጠብ ከሚከፍለው ግን ያንሳል። አያቴ መጀመሪያ ሲሰማ ሳቀብኝ። እሱ የብረት ማዕድን መርከብ ላይ ሲጭን የኖረ ሰው ነው፤ በእሱ ዘመን ለማኅበር የሚሠራ ሰው ደመወዙ ጥርሱ መርገፉ ነበር አለኝ። ትምህርት ቤቴ ደግሞ ልምምዱን እንደ አንድ ኮርስ ይቆጥርልኛል፤ ሪፖርት ካቀረብኩ ነው ግን። ቅጹ ላይ «ስንት ሰው አሳመንሽ?» የሚል ባዶ ሳጥን አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አየዋለሁ፤ ምንም አልጻፍኩበትም።

ያ ባዶ ሳጥን ሌላ ባዶ ነገር ያስታውሰኛል። የቆጠራው ቀን ከድምፅ ወረቀቶቹ መሐል አንዱ ምንም ያልተጻፈበት ሆኖ ተገኘ። የመንግሥቱ ሰው ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ፊትና ጀርባውን አየው። ምንም የለውም። ለብቻው አስቀመጠው። አሁን ሐይቁ ላይ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ፣ ያ ወረቀት ከሰማይ እየተቆረሰ የሚወርድ ይመስለኛል።

አሁን ልነግርዎ የሚገባኝን ልንገርዎ። ኮርኔሊየስ ጽፎልኛል። ቨርሊን የተቀጣችው ስሟን በማውጣቷ መሆኑ ከተረጋገጠ ድምፁ ተሰርዞ እንደገና ሊሰጥ ይችላል፤ ችሎቱም ኖቬምበር 12 ቀን ነው። የፈረቃ አለቃው ሚስተር ፕራተር ወረቀቱን ይዤ ማንንም አልጠየቅኩም ይላል። ቨርሊን መስመሩ ድረስ መጥቶ ጠይቆኛል ትላለች። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ሆነ። እሷ አምስተኛው ቢላ ላይ ነበረች። አጠገቧ የነበሩት እርስዎ ነዎት።

ኮርኔሊየስ፣ «ሴትየዋ ትወድሻለች፤ አንቺ ጻፊላት» አለኝ። እምቢ አልኩት። ሁለተኛ ከእርስዎ ምንም ነገር ሳይሰጡኝ አልወስድም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ይህንን የምጽፍልዎ እምቢ ማለቴን እንዲያውቁ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ለአያቴ አነበብኩለት። ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ፣ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አልጠይቅም ብሎ መንገር መጠየቅ አይደለም ወይ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ልቀደው ነበር። ግን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ላክሁት።

አይሊ

*

ኒታ ቤንድ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1997

የኔ ማር፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ እንዴት ያለ ጥሩ እጅ ጽሑፍ ነው። ከጓሮዬ ዛፍ ያራገፍኩትን የፒካን ለውዝ በካርቶን ልኬልሻለሁ፤ የሚስተር ኤይኖ ጥርስ እንደሚችለው ተስፋ አለኝ። ምድጃ አጠገብ አታስቀምጪው፤ ዘይቱ ይበላሻል።

ስለ ጻፍሽልኝ ነገር፣ እጸልይበታለሁ።

ያንቺው፣
ሉቬንያ

*

ዱሉት፣ ኦክቶበር 29 ቀን 1997

ለተከበሩ ሚስ ሉቬንያ፣

ለውዙ በሰላም ደርሷል። እግዜር ይስጥልኝ። ባለፈው በጋ ብሆን ኖሮ ካርቶኑን እንደከፈትኩ አንድ ብዬ እጽፍ ነበር። አሁን ግን ገብቶኛል። ቅር አላለኝም፤ እውነቴን ነው። ቨርሊን ጎን የሚቆም ሰው እንዲገኝ እመኛለሁ፤ ያ ሰው እርስዎ ካልሆኑም የእርስዎ ኮክ ኮክ ነው።

ይህን የምጽፈው ግን ለሌላ ነገር ነው። ትናንት የጉዞ ቦርሳዬን ሳራግፍ ከሥሩ ያ በራሪ ወረቀት ወጣ። አርባ አንድ ስም አለበት። የእርስዎን ፈለግኩት፤ አጣሁት። ደግሜ ከላይ ጀመርኩ። ከዚያ አገኘሁት። «ሉቪንያ ስቶክስ» ይላል። ሉቪንያ። ዝርዝሩን በማሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ውጪ ጉም ነበር፤ አንድ መርከብ ወደቡን ሲፈልግ ይጮኻል፤ ወደቡም ይመልስለታል። ሳልጠይቅዎ ስምዎን ወሰድኩ፤ የወሰድኩትንም እንኳ በትክክል አልያዝኩትም። በአሥር ሳምንት ውስጥ በረንዳዎ ላይ እየመጣሁ ስቀመጥ ስምዎ እንዴት እንደሚጻፍ አልጠየቅኩም።

ለሪፖርቴ ሳጥን መልስ አገኘሁለት። ዜሮ ብዬ ጽፌ አስገብቻለሁ።

መልስ አልጠብቅም። ብርዱ ሳይጠና ጉልበትዎን ይሸፍኑት።

አይሊ

*

ኒታ ቤንድ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1997

አይሊ፣

ዛሬ ሰላምታ የለም። ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ተናድጄብሻለሁ። ከኦገስት ጀምሮ ተናድጄብሻለሁ፤ «ልብሽ አይረበሽ» ያልኩሽም ተናድጄ ነው፤ ለውዙንም እየተናደድኩ ነው የፈለፈልኩት። አንቺ ልጅ፣ የተኛ ሰው ስም ይወሰዳል እንዴ? ማን አሳደገሽ? እናቴ እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለ ስሟን የመራጮች መዝገብ ላይ ልታስጽፍ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ወጣች። ጥቁር ናትና ስሟ ሳይጻፍ ተመለሰች፤ በሳምንቱ ልብስ ታጥብበት ከነበረው ቤት አባረሯት። እዚህ አገር ስም ወረቀት ላይ ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ እኔ ካንቺ ኮሌጅ በፊት ተምሬዋለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፤ የእጅሽም ወለምታ በይቅርታ ደብዳቤ አይታሽም።

ይኼን ያልኩሽ የማላውቅሽ ሰው ስላልሆንሽ ነው። የማላውቀውን ሰው ኮክ አበላዋለሁ።

አሁን የኔ ተራ።

ወረቀቱ በወጣ ማግስት ፕራተር ይዞት መስመሩ ላይ መጣ። አራተኛው ቢላ ፊት ቆመና፣ «ሉቪንያ ስቶክስ። አንቺ ነሽ?» አለኝ። አየሁት። ስህተትሽን አየሁት። እጄ በቢላው ላይ ነበር፤ ውኃው ይንጠባጠባል፤ ሁሉ ነገር እንደዚያ ሕልም ዝግ አለብኝ። «ኧረ ጌታዬ፣ እዚህ ሉቪንያ የምትባል የለችም» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ውሸት አልነበረም እኮ፤ ለዚህ ነው የሚያመኝ። አንቺ በበደልሽኝ ፊደል ተደበቅኩ።

ከዚያ ወደ አምስተኛው ዞረ። «ቨርሊን ቦይድ?» አላት። ቨርሊን ጓንቷን አወለቀች። «እሱ የኔ ስም ነው። በትክክል ተጽፏል» አለችው። እኔን አላየችኝም። በዚያው ሰዓት ወደ በረዶ ክፍል ወሰዷት። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ነው የካደው፣ እኔ አንዴ ብቻ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ጴጥሮስ ግን ከማግስቱ ጀምሮ ከዶሮው ጋር አንድ መንገድ ላይ አልኖረም። እኔ የቨርሊንን መብራት በየቀኑ አያለሁ።

ያ ባዶ ወረቀት የኔ ነው። እርሳሱን ይዤ ቆምኩ። አዎ ልል ስል፣ ቨርሊን ከጎንሽ ስትወሰድ የት ነበርሽ አለኝ ልቤ። አይሆንም ልል ስል እጄ እምቢ አለ። አጥፌ ከተትኩት። አንድ ድምፅ፣ ልጄ። መቶ አሥራ ዘጠነኛው እኔ ነበርኩ።

ስለ «ሉቪንያ» የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ሳነብ፣ አንቺ ይቅርታ ስትጠይቂኝ እኔ በስህተትሽ ሥራዬን ይዤ መቀመጤን አወቅኩ። ለዚያ አልጸለይኩም። እግዜርም አንዳንዴ ተይኝ፣ መልሱን ታውቂዋለሽ ይላል።

ረቡዕ ዕለት ኮርኔሊየስ በመኪናው ወሰደኝ። ያው ፍርድ ቤት ነው፤ እናቴ የወጣችው ደረጃ። ጉልበቴ አንድ በአንድ ቆጠረው። አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ቢጫ ነበር፤ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ እንደ ኩሬ ሥር ጭቃ ይንሳፈፋል። ፕራተር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ቃል የምትመዘግበው ልጅ፣ ያንቺ ዕድሜ የሚሆናት፣ ቀና ብላ፣ «ስምዎን ይንገሩን፤ አጻጻፉንም ለመዝገቡ ፊደል በፊደል ይናገሩ» አለችኝ።

ከመጣሽበት ከጁን ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ቀስ ብዬ ነገርኳት። ሉ። ጠበቅኳት፣ ጻፈች። ቬ። ፕራተርን እያየሁ ነው፤ ጫማውን ያያል። ን። ያ። «ደግሜ ላንብብልዎ?» አለችኝ፤ አነበበችው፤ ልክ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የእኔንም ክህደት ጭምር።

ፍርዱ ገና ነው። ሥራዬ ላይ እስካሁን አለሁ፤ ነገን አላውቅም። ከአዳራሹ ስወጣ የቨርሊን መኪና ደረጃው ሥር ቆሟል፤ በእኔ በኩል ያለው በር ተከፍቷል። «ግቢ፤ ጉልበትሽ» አለችኝ። ሃያ ማይል ሙሉ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ኩሬዎቹ ፀሐይዋን ይዘው ተኝተዋል፤ ነጫጮቹ ወፎች ቆመዋል። እንዲህ ያለ ዝምታ በእናንተ አገር ምን እንደሚባል አያትሽን ጠይቂልኝ።

ያንን ዜሮሽን ትምህርት ቤት ሄደሽ መልሰሽ ውሰጂው። የማይሆን ቁጥር ነው። ኮርኔሊየስ እንደሚለው ድምፁ እንደገና ከተሰጠ ሌላ በራሪ ወረቀት ይታተማል፤ ሌላ ዝርዝርም ይኖራል። ዥዋዥዌው ላይ ተኝቼ ሳለሁ አንድ ጥያቄ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ስምዎን እንጻፍ ብለሽ። እስከ ዛሬ አልመለስኩልሽም። አሁን በረንዳው ላይ ነኝ፤ ማራገቢያዬ እጄ ላይ ነው፤ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

እ።

ነቅቼ ነው፣ ልጄ።

ሉቬንያ ስቶክስ